«ተይዟል» ያልኩባቸው ሌሊቶች

ሰኞ

በመስኮቴ አገኘችኝ። አሁንም ይገርመኛል። በኢንተርኔት የማከራየው የጓሮ ክፍል አድራሻ የለውም፤ ያለው ፎቶ ብቻ ነው። አንዱ ፎቶ ላይ በመስኮቱ በኩል የጎረቤት የዛገ የውሃ ታንከርና የጃካራንዳ ዛፍ ይታያል። ሴትዮዋ ያንን አትማ ሰፈራችንን ትሮይቪልን ሦስት ቀን በእግሯ ዞረች። ታንከሩን አየች፤ ዛፉን አየች፤ በሬን አንኳኳች።

ግብር ሰብሳቢ ናት። ሲስ ታንዲ ትባላለች፤ እህት ታንዲ እንደማለት ነው። ባደረገችው ማስክ ምክንያት መነጽሯ ጉም ለብሷል። ድረ ገጹ ላይ ባለፈው ዓመት ሰማንያ ስድስት ሌሊት «ተይዟል» ይላል አለችኝ። የአንዱም የማረፊያ ግብር አልተከፈለም። ዓርብ ትመለሳለች። ካልከፈልኩ ክፍሉ ከድረ ገጹ ይወርዳል።

ሱቄ ከተዘጋ ወዲህ ያለን እሱ ብቻ ነው። እንግዳ መምጣት የጀመረውም ገና አሁን ነው።

ማክሰኞ

ቆጠርኩ። ልክ ናት። ግን ማንም አልከፈለባቸውም።

በኮሮና በሽታ ወራት የአገር ልጆች ከሚሠሩበት ሱቅ ጀርባ ስድስት ሰባት ሆነው ነበር የሚያድሩት። አንዱ ሲያስል ሌላው የት ይሂድ? መጀመሪያ ሸምሱ ቮስሎሩስ ከሚባለው ሰፈር መጣ። ከዚያ ከዛንድስፕሩት ሁለት። በጠቅላላው ዘጠኝ ሰው፣ በየተራ። ስምንቱ አሥር አሥር ቀን። ከድር ስድስት፤ በሰባተኛው ቀን አምቡላንስ ወሰደው፣ አልተመለሰም። ሚስቴ ሙሉነሽ ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ ትሸሽ ነበር።

ሌላ እንግዳ እንዳይመጣ ቀኖቹን «ተይዟል» አልኩ። «ዝግ» የሚል ምርጫም ነበር። ዝግ ካልኩ እንግዶች ይረሱኛል ብዬ ፈራሁ።

ሙሉነሽ «በነፃ አስተኝቶ ግብር!» ብላ ሳቀች። ብዙ አልሳቀችም።

ረቡዕ

ለሸምሱ ደወልኩ።

«ጋሼ ግርማ፣ የኔ ሳልም ቀረጥ ይከፈልበታል በለኛ!»

መጥተህ ትመሰክራለህ ወይ አልኩት። የጥገኝነት ወረቀቱ ጊዜው አልፏል። ማደሻው ቢሮ ከተዘጋ ቆየ። ለመንግሥት ሰው ስሙን እንዴት ይስጥ?

በቃ ተወው አልኩት። ለሌሎቹ አልደወልኩም።

ሐሙስ

የዘጠኙን ስም ጻፍኩ። ለእሷ ልሰጣት። ቀደድኩት።

ዓርብ

በአራት ሰዓት መጣች። ዘጠኝ ሰው በነፃ አስተኝቼ ነው፣ ገንዘብም ማስረጃም የለኝም አልኳት።

«በነፃ? ዘጠኝ ሰው?»

አላመነችኝም። እኔም ብሆን አላምንም።

በሩ ተንኳኳ። ሸምሱ። ከኋላው ሌሎቹ ሰባት፤ እሱ ጠርቷቸው ነው። በሥራ ቀን ሱቅ ዘግተው፣ ወረቀታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አጥሩ ሥር ተራርቀው ቆሙ።

«ሳዉቦና ሲሲ» ብሎ በቋንቋዋ ሰላም አላት ሸምሱ። «አሥር ቀን ተኝቼበታለሁ። የከፈልኩት ሳህን በመጨረስ ነው።»

ማስኳ ሥር የሳቀች መሰለኝ። ወረቀቱን ዘረጋላት። አላየችውም። «የኔ ሥራ ሌሊት መቁጠር ነው» አለች። «ከመቼ እስከ መቼ?»

ነገራት። ሁለተኛው ነገራት። ሦስተኛው። ስልክ ያየ የለም፤ ሁሉም በቃሉ። እሷ ከያዘችው ዝርዝር ጋር ታመሳክራለች። አንዱም አንድ ቀን አልሳተም። እኔ የልጄን የልደት ቀን እስታለሁ።

ሰማንያ ሌሊት ሰረዘች።

«ስድስት ይቀራል።»

ሸምሱ «የከድርን እኔ ልመስክር» አለ። የተኛው ራሱ መሆን አለበት አለችው። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም።

«የእሱን እከፍላለሁ» አልኳት።

ቅዳሜ

ከፈልኩ። ሸምሱ ግማሹን በእኔ ብሎ ነበር፤ እንቢ አልኩት። ሰማንያውን አለቃዋ ገና አላጸደቀውም። ይሆናል አላለችኝም፣ አይሆንም አላለችኝም።

ደረሰኙ ላይ የእንግዳውን ስም እንድትጽፍልኝ ለምኛት ነበር። ጽፋዋለች። ከድር። አንድ እንግዳ፣ ስድስት ሌሊት። ማኅተም አለው።

ከድር በዚህ አገር ወረቀት አልነበረውም። አሁን አንድ አለው።