አባ የቀመሱት ባሕር

መስከረም 20፣ ማክሰኞ
የመገናኛ ሰልፍ ገደለኝ። ቤት ስገባ አባ እንደተለመደው ክፍላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው። "ራት ላቅርብ?" "በልቻለሁ።" ውሸት! ድስቱ አልተነካም። እማ ከሞተች ወዲህ ይኸው ነው።
የገዛሁት አኳሪየም፣ የመስታወት የዓሣ ገንዳው፣ ግን ሳሎን ገባ። ባዶውን። የባሕር ዓሣ ላሳያቸው ብዬ... አበድኩ እንዴ? ወጣትነታቸውን አሰብ ወደብ ክሬን ሲነዱ ያሳለፉ ሰው፣ እንዲህ ግድግዳ ሲያዩ ዝም ልበል?

መስከረም 24፣ ቅዳሜ
ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ዓሣ ሻጩ ሃይለኣብ ጋ ሄድኩ። ለባሕር ዓሣ የሚሆን ጨውና የጨው መጠን መለኪያ ሸጠልኝ። "የውሃው ጨው ሰላሳ አምስት ላይ ይቁም፣ ሪሀና። አለበለዚያ ብትለምኚኝም ዓሣ አልሰጥሽም።" ውሃው ሲተን ጨው እዚያው ስለሚቀር የምጨምረው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው አለ።
በጥብጬ ለካሁ። ሰላሳ አምስት። እሰይ!
አባ ድምፄን ሰምተው ብቅ አሉ። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። "ይሄ ደግሞ ምኑ ባሕር ነው?" ብለው ተመለሱ። ተናደድኩ። ደስም አለኝ... ሳሎን ከወጡ ስንት ጊዜያቸው!

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ
ሰላሳ ሰባት። ተኖ ይሆናል። ውሃ ጨመርኩ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ
ሰላሳ ዘጠኝ! እንዴት? ውሃ ጨምሬ፣ ጨምሬ? ሃይለኣብ ጋ ደወልኩ። "መለኪያው አይዋሽም። ምን ጨመርሽበት?" ምንም። ወላሂ ምንም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ
ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። አባ አኳሪየሙ ላይ ጎንበስ ብለዋል። በአንድ እጃቸው የወጥ ጨው፣ በሌላው ማንኪያ።
"አባ! ኧረ በአላህ፣ ምን እያደረጉ ነው?"
ማንኪያው ከእጃቸው አምልጦ ውሃው ውስጥ ገባ።
"አልጫ ነው እኮ። የአሰብ ባሕር ምላስ ይልጣል።"
"የሚመጡትን ዓሣዎች ሊገድሏቸው ነው?"
ጮህኩባቸው። በአባቴ ላይ! ማንኪያውን ከውሃው አወጡ። ቀስ ብለው... "እናትሽ ሙሽራ ሆና ወደ ባሕሩ ወሰድኳት። ቀምሳ 'ይሄን ሁሉ ጨው ማን ጨመረው?' አለችኝ። ሳቋ..." አልጨረሱትም። "እሷ የቀመሰችው እስኪመጣልኝ ብዬ ነው።"
አለቀስኩ። እሳቸውም። ከቀብሯ ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
ሃይለኣብ፣ "የወጥ ጨው ከገባበት ድፉት፣ እንደ አዲስ ጀምሩ" አለ። ደፋነው። የቧንቧ ውሃ ደግሞ የለም... ፈረቃችን ሰኞ ነው።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ
ውሃ መጣ። ስገባ አባ ጄሪካኖቹን ሁሉ ሞልተው ጠበቁኝ። በውሃ ማጣሪያ አሳለፍነው። እኔ ስበጠብጥ መለኪያውን እሳቸው ያዙ። "ጨምሪ... ቀስ... ቀስ... በቃ! አቁሚ!" በክሬን ዕቃ የሚያወርዱ ነው የመሰሉት። ሰላሳ አምስት።
"ከእንግዲህ መቅመስ የለም፣ እሺ?"
"አፌን ዘጋሁ።"

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ
ሃይለኣብ እንዳለው ውሃው አንድ ወር ቆይቶ፣ ዓሣዎቹ ገቡ! ሁለት ናቸው። ብርቱካናማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ። አባ ወንበራቸውን ከክፍላቸው አውጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አልተነሱም። አንዷን ሀቢባ አሏት፣ በእማ ስም። እኔም በስሟ ጠራኋት።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ
በሩን ሳልዘጋ "ሪሀና፣ ሰላሳ አምስት ነው!" አሉኝ። ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም። ወንበራቸው አሁንም ሳሎን ነው።
"ራት ላቅርብ?"
"ቀርቧል። አንቺን ስጠብቅ ነው።"
ወጥ ሠርተዋል። አባ! አንድ ጉርሻ ጎረስኩ... ምላሴ ተላጠ።
"ይሄን ሁሉ ጨው ማን ጨመረው?" አልኩ።
ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። ደግመው ወጥ ጨመሩልኝ። በላሁት።