በስህተት የጨበጥኩት ጽዋ

ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

አረቄ ካልቀመስኩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። የነፍስ አባቴ «ከቂርቆስ ጀርባ መጠጥ የተዉ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ ሂድ» ብለውኝ ስለነበር፣ ከጣሊያኖቹ ግንባታ እንደተለቀቅን አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ሄድኩ።

እኔ ሞኝ! በቂርቆስ ዕለት ማኅበር የማይጠጣበት ቤት እንደሌለ ረስቼ፣ የጸሎት ድምፅ የሰማሁበት ቤት ዘው አልኩ። ቦታ ለቀቁልኝና ጽዋውን አስጨበጡኝ። ጠላ ነው። ሽታው አናቴ ላይ ወጣ። የሕፃኑን የቂርቆስን ጽዋ እንዴት አልጠጣም ይባላል? ጽዋውን ወደ አፌ ሳላስጠጋ እንደያዝኩ ያዩ አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያንተ ማኅበር ቀጥሎ ያለው ቤት ነው። ባለቤቴም እዚያ ናቸው» አሉኝና ጽዋውን ተቀበሉኝ።

እዚያ ስድስት ሰዎች አሉ። ጣሊያን ስብሰባ ስለማይወድ አንዱ በር ላይ ይጠብቃል። ጽዋው ውስጥ ያለው ውኃ ብቻ ነው። የሴትዮዋ ባል አቶ ደስታ «ስንት ቀንህ ነው?» አሉኝ። «ዘጠኝ» ስላቸው ማንም አልሳቀም።

«የሚቀጥለውን ወር ማን ይደግሳል?» ሲባል ግን «እኔ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ።

በር ላይ ያለው ሰውዬ «ገና ዘጠኝ ቀኑ እኮ ነው» አለ።

አቶ ደስታ «ለዚሁ ነው፤ ይውሰድ» ብለው ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። አሁን የአረቄ ጠርሙሴ በነበረበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ባለፈው ወር በቂርቆስ ዕለት ጎረቤት ተሸክሞ ነበር ቤቴ ያስገባኝ። ለታኅሣሡ ቂርቆስ እንግዶቼን ቆሜ ነው የምቀበለው።