ከጀርባው የማጠብቀው ገመድ

ኅዳር 9፣ ብቸና

ዛሬም ሁለት ዙር ብቻ። ገመዱ በላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ይሻገራል፣ አንዱ ጫፍ ከግንዱ ሥር ይታሰራል፣ በሌላው ባሌ አያሌው ይወጣና የዝግባ ፍሬ ያወርዳል። ለችግኝ ጣቢያ። ግንዱ ላይ አራት ዙር ካልተጠመጠመ ቋጠሮው ብቻውን የሰው ክብደት አይችልም። ያስተማረኝ ራሱ ነው። ከክረምቱ ሕመም ወዲህ ግን ሐሳቡ ይበተናል፤ ሁለቴ ጠምጥሞ ጨረስኩ ይላል። መታጠቂያውን ሊያስር ዞር ሲል ፈትቼ እንደ አዲስ አሰርኩት። አላየኝም። ደክሞኛል፣ ማስታወሻዬ።

ኅዳር 11፣ ብቸና

እንደገና። ዛሬማ ቋጠሮውንም ረስቶታል። አሰርኩ። እሱ ላይ ሆኖ ያንጎራጉራል፣ እኔ ታች አንገቴ እስኪደርቅ አንጋጥጣለሁ። ልንገረው እልና ፊቱን ሳየው ያቅተኛል። ዕድሜውን ዛፍ ላይ የጨረሰ ሰው እንዴት ማሰር አቃተህ ይባላል? ነገ ሞጣ ነን።

ኅዳር 12፣ ሞጣ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

መንገዱ አድቅቆናል። ዛፉ ቤ/ክ ቅጥር ውስጥ ነው። እስካሁን ከወጣባቸው ሁሉ ይረዝማል። ቄሱ ፈቅደዋል፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኑ ብለዋል።

ኅዳር 13፣ ጠዋት 12 ሰ.

የወር አበባዬ መጣ። ከቅጥሩ በር አላልፍም። ማን ያስርለታል? እነግረዋለሁ። አልነግረውም። አመመኝ ብዬ ላስቀረው? ቄሱ ይጠብቃሉ። ፈርቻለሁ።

ያው ቀን፣ 5 ሰ.

በሩ ላይ ቆምኩ። ዛሬ አልገባም ስለው ምክንያቱ ገባው። ገመዱን እንደተሸከመ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ መሬት አስቀምጦት አጠገቤ ተቀመጠ። አንቺ ካልገባሽ እኔም አልወጣም አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ለካ ያውቃል። መታጠቂያው ላይ የሚዘገየው እኔ እስክጨርስለት ነበር።

እፎይ ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ቀን ለብቻዬ በሰቀቀን ሳልቅ እሱ ዝም። አለቀስኩ። ቄሱ መጡ፤ ሌላ ቀን እንመለሳለን አላቸው። እሺ አሉ።

ኅዳር 14፣ ብቸና

በመኪና ተመለስን። አሁን ተኝቷል፣ ሲነሳ እነግረዋለሁ። ከእንግዲህ የማስረው እኔ ነኝ፣ ተደብቄ ሳይሆን እያየኝ። እምቢ ካለ ገመዱን እሸጠዋለሁ። ይኮርፍ። የባሌን ሬሳ ከዛፍ ሥር አላነሳም።