አንቴናው ተነቀለ፣ ግድግዳው ግን…

ኅዳር 3
ሒሳብ አስተማርኩ። ደብተር አረምኩ። አዲሱ ክፍል ግድግዳው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል… ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። «አምና የተመረቀ እኮ ነው!» አለኝ። እኔስ ምን አልኩ?

ኅዳር 9
ግድግዳው ወደቀ። ልጆቹ እረፍት ላይ ነበሩ፣ ተመስገን። የወንድሜ ልጅ ብቻ ምሳ ዕቃዋን ልትወስድ ተመልሳ… እግሯ ተሰበረ። ሐኪሙ «ትራመዳለች፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል» አለ። ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ይንቆራጠጣል። «ማነው ተጠያቂው?» አለኝ። ነገርኩት። ክፍሉን የሠራው የከንቲባው አማች ነው። ሲሚንቶውን በልቶ አሸዋውን ለጠፈልን።

ኅዳር 12
ወላጆች ረቡዕ ለአቤቱታ ማዘጋጃ ቤት ሊሄዱ ነው። ወንድሜ ከፊት። ልጅቷ ተኝታ ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል… ግን ደስ አለኝ።

ኅዳር 14
ቪዲዮ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ እየተቀባበለው ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው የስልክ አንቴና ጨረሩ ግንብ ይሰነጥቃል፣ የልጆች አጥንት ያሳሳል፣ ሆን ተብሎ ነው የተተከለው… የሚያወራው ነጭ ጋዋን ለብሷል። ማን ይሆን? ማንም አያውቀውም።
«ጋሼ፣ አንቴናው ሥር ያለችው የዘበኛው ጭቃ ቤት እኮ ምንም አልሆነችም» አልኩት ወንድሜን።
«እንዳይነቃባቸው ነዋ!»
ቪዲዮውን ለሌላ ሰው ላከው።

ኅዳር 16
ሰልፉ ማዘጋጃ ቤት አልደረሰም። መንገድ ላይ ወደ አንቴናው ታጠፈ። ከንቲባው ራሱ መጣ… ብልጥ ሰው! «የእናንተ ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ነው። ይነቀላል!» አለ። አጨበጨቡለት። ወንድሜም። ስለ ሲሚንቶው ልናገር እጄን ሳወጣ «እሷን ደግሞ ማን ገዝቷት ነው?» አለ አንዱ ከኋላዬ። ዞር ስል የሰፈራችን ዳቦ ሻጭ ነው። ልጁን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። እጄን አወረድኩ።

ኅዳር 17
ደክሞኛል።

ጥር 6
አንቴናው ከተነቀለ ቆየ። ስልክ ለመደወል ዳገቱን እንወጣለን። ክፍሉ እንደገና ተሠራ። በማን? በአማቹ። በአዲስ በጀት። አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም።

የካቲት 2
አዲሱ ግድግዳ ከወዲሁ ተሰንጥቋል። ልጆቹን አላስገባም አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሥራሽን ትወጂዋለሽ አይደል?» አለኝ። ግቢው ውስጥ አስተማርኩ።
ወንድሜ ልጁን አዝሎ መጣ። ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ስንጥቁን አየ። ዞር ብሎ አንቴናው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ።
ልጅቷ «አባዬ፣ ፀሐዩ አቃጠለኝ፤ ውስጥ ልግባ» አለች።
«አይ የእኔ እናት፣ እዚሁ ሁኚ።» ኮቱን አውልቆ አናቷ ላይ ጣል አደረገላት። ከዚያ ፊቴን ሳያይ፣
«ነገ ማዘጋጃ ቤት ትሄጃለሽ?»
«እሄዳለሁ። ሰው ግን አይመጣም፣ ጋሼ።»
«እኔስ ሰው አይደለሁም?»