በገዛ ፈቃዴ

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት

ጉልበቴ ዛሬም አብጧል። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ደብተሬ፣ ከአንተ በቀር የሚሰማኝ የለም። አንተም መልስ ስለማትሰጥ ነው።

ልጄ ዳዊት ትናንት ከሳን ሆዜ መጥቶ ወረቀት ጥሎልኝ ሄደ። የአዲስ አበባው ቤቴ ውክልና። የባለቤትነት ካርታውን ለማሳደስ ብቻ ነው አለ። ፊርማ የሚያረጋግጠው ኖተሪ ሐሙስ በአራት ሰዓት እዚሁ ኦክላንድ ቤቴ ድረስ ይመጣል። «እማዬ፣ ጀስት ሳይን አድርጊው፤ ሌላውን እኔ ሃንድል አደርገዋለሁ።» በዚያ ቤት የወንድሜ ልጅ ሰብለ ከነልጆቿ ትኖራለች። ስለ እሷ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ከታች ሳሎን፣ ከጎረቤቶቼ ጋር። ቬራ ሩሲያዊት፣ ሃን ቬትናማዊት። ሦስታችንም በየአገራችን አንድ ዓይነት የሶሻሊዝም መፈክር ጮኸናል፤ አሁን በተሰባበረ እንግሊዝኛ እናማዋለን። ለቬራ ያ ሥርዓት ሲወድቅ የፋብሪካ ድርሻዋን በወረቀት ሰጧት። በአንድ ካፖርት ለወጠችው። ፋብሪካው የአለቃዋ ሆነ፤ የምትኖርበት ቤት ግን በስሟ ዞረላት። በሃን አገር ፓርቲው አልወደቀም። ራሱ ነጋዴ ሆነ ትላለች፣ ትስቃለች።

የእናንተስ? አሉኝ። ፋብሪካው ተሸጠ፣ መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ቀረ አልኩ። ቤት ስትሸጪ ውሉ ላይ የምትሸጪው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ገዢው ደግሞ በማግስቱ ግድግዳውን ያፈርሳል። «ታዲያ ምኑን ገዛ?» አለች ቬራ። ቀልድ መስሏታል። ሃን አልሳቀችም፤ የእነሱም መሬት እንደዚያው ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5። ከቀትር በፊት

ውክልናውን አነበብኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቃል በቃል። ሦስት ገጽ፣ ሙሉ ጠዋት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፦ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያፈርስ። የተወካዩ ስም ግዛው፣ ከነአያቱ።

አውቀዋለሁ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ካድሬ። ከሥራ በኋላ አዳራሽ ሰብስቦ ፊደል ያስቆጠረን፣ ፋብሪካው የእናንተ ነው ያለን። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጠፋ፤ ፋብሪካው ሲሸጥ በገዢው መኪና ተመልሶ መጣ። ወረቀት አደለን። ሌሎቹ ሴቶች ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እኔ ፈረምኩ። መጻፍ መቻሌን ይዩልኝ ብዬ፣ በኩራት። አላነበብኩትም። «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» ይላል። በኋላ ስንከስ፣ ጣት ያተሙት ሳይነበብልን ነው ብለው ካሳ አገኙ። እኔን ግን ዳኞቹ «አንቺ ፈርመሻል፣ አንብበሻል» አሉኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነበር።

የዚያው ቀን፣ ከሰዓት

ለዳዊት ደወልኩ። ሰውየው ኢንቨስተር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ፎቅ ሠርቶ አፓርታማ ይሰጠናል ይላል። ዳዊት አፓርታማውን ሸጦ እዚህ ካስትሮ ቫሊ ቤት ሊገዛ። ማን እንደሆነ ነገርኩት። «እማዬ፣ ያ የድሮ ፖለቲካ ነው። ሙቭ ኦን አድርጊ እንጂ።» ሰብለስ? አልኩት። ትከራያለች አለ። ዘጋሁበት።

ለሰብለ ደወልኩ። ሰዎች መጥተው አጥሩ ላይ የሚፈርስ ቤት ምልክት፣ ቀይ ቀለም፣ ቀብተዋል። «እትዬ፣ እርስዎ ፈቅደዋል አሉን። እውነት ነው?» ገና አልፈረምኩም አልኳት። ገና! ምን ዓይነት መልስ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6። 3፡30

ቀላል መንገድ አለ። ጣቴን ማተም፤ ከዚያ ማንበብ አልችልም፣ አታለሉኝ ብሎ መክሰስ። ዳዊትም ዛሬን አይጣላኝም። ኖተሪው እንደሆነ አማርኛ አያነብ፤ የሚያየው እጁ የኔ መሆኑን ነው።

እምቢ። አንዴ ሳላነብ ፈርሜአለሁ። አሁን አንብቤ ሳበቃ እንዳላነበበ ሰው አልሆንም።

ከአንተ አንድ ገጽ ቀደድኩ፤ ይቅር በለኝ። እንዲህ ጻፍኩበት፦ እኔ አስካለ፣ ወኪሌ የወንድሜ ልጅ ሰብለ ናት። ቤቱን ትኑርበት፣ ታሳድሰው። አይሸጥ፣ አይፍረስ። ራሴ ጻፍኩት፣ ራሴ አነበብኩት። ሁለት ቦታ ስርዝ አለው። ይሁን።

ደረጃው ላይ ኮቴ። ዳዊት ያለከልካል፤ ሊፍቱ ለዛሬ ጠቀመኝ። ኖተሪውን «እናቴ ሬዲ ናት» እያለው ነው።

ሬዲ ነኝ። ያለኝ ብዕር አንድ ነው፤ ከአንተ ላይ ላንሳው።