ያንተ ድምፅ ያለበት ቪዲዮ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ነሐሴ 2007

ኤልናታን፣
እንቅልፍ ላይ ስለነበርክ ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ። ሱሪህን አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ጭቃው ለቋል። ድስቱ ውስጥ ዓሣ አለልህ።

ስድብህን ከቪዲዮው ቆርጬ አወጣለሁ ብዬህ ነበር።
አላወጣሁትም።

የአጎቴን ጂፕ ከማጡ እየገፋህ «አንተ ህልመኛ፣ ይሄ መኪና ነው በሬ?» ያልከኝ እንዳለ ዩቲዩብ ላይ ገብቷል። የበፊቶቹን ስድስት ቪዲዮዎች አርባ ሰው እንኳን አላያቸውም፤ ይሄን በሦስት ቀን ሁለት ሺህ ሰው አየው! ስለ ጂፑ የጠየቀ የለም። ሁሉም «ያ ተሳዳቢ ማነው?» ነው የሚለው።

ከተቀየምከኝ ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ፣ ከምሬ ነው።
ካልተቀየምከኝ ቡሹሎ መታጠፊያው ጋ እስከ አራት ሰዓት እጠብቅሃለሁ። ብቻዬን መቅረፅ እወድ ነበር፤ አሁን ግን ዝምታው ከበደኝ። ቦቲህን አድርገህ ና፣ እንዳትራራልኝም።

ገብረየስ