ልብ ውስጥ የሚረጋ መርፌ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30
የአባባን ግፊት ለካሁ። ደህና ነው። እግራቸው ትንሽ አብጧል። ከደብረ ኤልያስ ወደኔ ከመጡ ሁለት ሳምንት። ከልባቸው ጡንቻ ከፊሉ ሞቷል፤ ሐኪም ሆኜም የሞተውን አልመልስም። ሐሙስ ለባልደረቦቼ ስለዚሁ ገለጻ አለብኝ። ጮክ ብዬ ስለማመድ አባባ ይሰማሉ። የሞተውን እንዲተካ ሕዋስ ብቻውን ልብ ላይ ቢወጋ ደም ጠርጎት ይሄዳል። ከጄል ጋር ሲሆን ግን በመርፌ ፈሳሽ ሆኖ ይገባል፣ በሰውነት ሙቀት ይረጋል፣ ሕዋሱን ይዞ ያቆያል። እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ነው? አሉኝ። ከሁሉም ቀድመው ገባቸው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ 12፡00
ገለጻው አለፈ። ሰው ላይ ተሞክሯል ወይ ተባልኩ። ጥቂት ሙከራ አለ፣ ሕክምና ግን አልሆነም አልኩ። ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝም። እብጠቱ ጉልበት ደርሷል። ለምን? ክኒኑን ጠዋት ጠዋት እጃቸው ላይ አስቀምጬ ነው የምወጣው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ
ደብተሬ፣ ትራሳቸውን ሳስተካክል አገኘሁት። ውሃ የሚያስወጣው ክኒን። አምስት ፍሬ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ። ጮህኩባቸው። አባቴ ላይ፣ መሪጌታ ላይ። ቀና ብለው አላዩኝም። "ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሽንት ያጣድፈኛል። ዜማ አቋርጬ ስወጣ ሰው ያያል። መርፌው ከመጣ ደግሞ ይሄ ምን ያደርግልኛል?" አሉ።
አፈርኩ። ስለ መርፌው ያወራሁ እኔ። ስለ ሽንቱ ያልጠየቅሁም እኔ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ 11፡00
ነገርኳቸው። መርፌው ለእርስዎ አይደርስም። ለአንቺ ዘመንስ ይደርሳል? አሉኝ። ምናልባት አልኩ። ክኒኑን ከቤ/ክ ሲመለሱ እንዲወስዱ ተስማማን። ሰዓቱን ማዛወር ድሮም ይቻል ነበር። ዋጡት።
ድንገት፣ "ቄስ ጥበቡስ?" አሉ። የደ/ኤልያስ ባልንጀራቸው፣ እሳቸውም ልባቸው ደካማ። ማክሰኞ ዕለት አባባ ደውለው፣ ልጄ የሞተ ልብ የሚያድን መርፌ ታመጣለች ብለዋቸዋል። ደወልኩ። ሚስታቸው አነሡ። ቄሱ መድኃኒት ካቆሙ ስድስት ቀን። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው አልኩ።
ለነገ ፈቃድ ወሰድኩ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ደ/ኤልያስ። አባባ ልምጣ አሉ። በዚህ እግር አይሆንም አልኩ። "ያሳሳትኩት እኔ ነኝ" አሉ።
እኔም ነኝ። አብረን እንሄዳለን።